ልጁ እስኪመጣ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ጉዲፈቻ ለሚጠብቁ አገልጋይ ባለትዳሮች

(ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ሱሉልታ ላይ፣ በወንጌል አገልግሎት ለተሰማሩና ሕፃን ለማሳደግ ለሚጠብቁ ባለትዳሮች በቃል ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አብዛኞቻችሁ ከትውልድ ቀያችሁ ርቃችሁ ነው ያላችሁት። ከወላይታ፣ ከወለጋ፣ ከጌዴኦ ለአገልግሎት የመጣችሁ አላችሁ፤ ባሕር ተሻግራችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ሁላችሁንም የሚያመሳስላችሁ እናትና አክስት በሌሉበት ሰፈር ሕፃን እየጠበቃችሁ መሆኑ ነው። «መቼ ይደውሉልን ይሆን?» የሚለው ጥያቄ አብሯችሁ ይተኛል፣ አብሯችሁ ይነሣል።

ከዚሁ ጥያቄ እንጀምር። ጊዜው የሚረዝመው ሰው እየተፈለገ ስለሆነ ነው። አንድ ሕፃን መንገድ ዳር ተጥሎ ሲገኝ ወይም እናት ወልዳ ከጤና ተቋም ስትጠፋ፣ መጀመሪያ ፖሊስ ይመዘግባል፤ ልጁም ጊዜያዊ ማቆያ ይገባል። ከዚያ ማኅበራዊ ሠራተኛ እናትን፣ አያትን፣ አጎትን ፍለጋ ይወጣል። ቀበሌ ይጠየቃል፣ ጎረቤት ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ቅደም ተከተል አስቀምጧል፦ በቅድሚያ ወላጅ፣ ቀጥሎ ዘመድ፣ ከዚያ የአደራ ቤተሰብ (ልጁን ለጊዜው የሚያሳድግ) እና የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ። የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም የመጨረሻው ነው። የናንተ ተራ የሚደርሰው እንግዲህ የዘመድ በር ሁሉ ከተንኳኳ በኋላ ነው። ይህ የምትጠብቁት ጊዜ የልጁ ጊዜ ነው፤ አያት ያለችው ልጅ ዘመድ የለውም ተብሎ እንዳይሰጥ የሚጠበቅበት።

ይህ ጊዜ ሲታጠፍ ምን እንደሚከተል አገራችን አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ ሄደዋል። በዚያ ዓመት ከቻይና ቀጥሎ ወደዚያ አገር ብዙ ልጅ የላከችው ኢትዮጵያ ነበረች። ወላጅ ያላቸው ልጆች ወላጅ አልባ ተብለው ተጻፉ፤ ዕድሜያቸው ተቀየረ፤ «ተምሮ ይመለሳል» ተብለው የፈረሙ እናቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን ከ5 ፋይል በላይ አላይም ብሎ አሠራሩን አጠበበ። በዚያው ዓመት ሐና ዊሊያምስ የተባለች ኢትዮጵያዊት ልጅ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በአሳዳጊዎቿ እጅ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿ በ2013 ጥፋተኛ ተብለው ተፈረደባቸው። በጥር 2018፣ በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን ዘጋ። የማሻሻያ አዋጁ ቁጥር 1070/2010 ነው።

ስለዚህ ከውጭ አገር መጥታችሁ እዚህ ለምታገለግሉ በግልጽ እንናገራለን። ይህ በር ተዘግቷል። «እኔ የማውቀው ሰው አለ፣ ይጨርስላችኋል» የሚላችሁ ሁሉ ለእናንተም ለልጁም አደጋ ነው፤ ገንዘብ ከጠየቀ ደግሞ ነገሩ ወንጀል ነው። እዚህ እየኖራችሁ ከራሳችሁ አገር ሕፃን የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ዋናው ጭንቃችሁ ወረቀት ነው። የቤት ጥናቱን፣ ማለትም ቤታችሁና ኑሯችሁ የሚታይበትን፣ የሚያደርገው ሰው ውጭ አገር ያለ ቤት እንዲያጠና በአገራችሁ ሕግ የተፈቀደለት መሆን አለበት። ከወንጀል ነፃ የሚለውን ማስረጃ ከኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ በአሻራ ማውጣት ያስፈልጋችኋል፤ ሦስት አገር የኖረ ሰው ከሦስቱም ይጠየቃል። አሜሪካውያን ደግሞ ይህን አትርሱ፦ በቤተሰብ ማመልከቻ በኩል ለሚገባ የጉዲፈቻ ልጅ ሕጋችሁ 2 ዓመት ሕጋዊ ጥበቃና 2 ዓመት አብሮ መኖር ይጠይቃል። ልጁን ተቀብሎ በወሩ አውሮፕላን መሳፈር በዚያ መንገድ አይታሰብም።

አሁን ወደ ኢትዮጵያውያኑ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ጉዲፈቻ አድራጊ ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው ይሁን ይላል፤ ባልና ሚስት ከሆኑ ከሁለቱ አንዱ 25 መሙላቱ ይበቃል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። ስምምነቱ የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው። ግን እዚህ ዳርቻ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። ይህ አዋጅ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላን ግን በኦሮሚያ ክልል ሥር ናቸው፤ ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግና የራሱ ፍርድ ቤት አለው። አያት ኮንዶሚኒየም ያለ ሰውና ለገጣፎ ያለ ሰው በአንድ ታክሲ ይሳፈራሉ፤ ፋይላቸው የሚሄደው ግን ወደተለያየ ቢሮ ነው። ኪራይ ተወደደ ብላችሁ በመሃል ከከተማው ወደ ሱሉልታ ብትወጡ፣ ፋይሉ ካንዱ ወደ ሌላው መሻገር አለበት፤ የቤት ጥናቱም እንደገና ይሠራል። ስለዚህ ቤት መቀየር ካለባችሁ ከማመልከታችሁ በፊት ቀይሩ። ከአከራያችሁ ጋር ያላችሁ ውል በጽሑፍ ይሁን። ቤተ ክርስቲያናችሁንም ልጁ ከገባ ቢያንስ አንድ ዓመት ወደ ሌላ የአገልግሎት ቦታ እንዳትልካችሁ በደብዳቤ ጠይቁ።

ወረቀቱ ራሱ ብዙ አይደለም። የጋብቻ ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ የጤና ምርመራ ውጤት፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃ፣ ፎቶግራፍ፣ የምስክሮች ደብዳቤ። የሚያስቸግረው ዝርዝሩ ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ተጋብታችሁ ወሳኝ ኩነት ያልተመዘገባችሁ ካላችሁ ነገ ጠዋት ሂዱ። የስማችሁን ፊደል በሁሉም ወረቀት ላይ አስተያዩ፦ አንዱ ላይ «ኃይሉ» ሌላው ላይ «ሀይሉ»፣ አንዱ ላይ የአያት ስም ያለ ሌላው ላይ የሌለ ከሆነ፣ ቀጠሮ በዚህ ብቻ ይራዘማል። የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠርና በፈረንጆቹ ተምታቶ የተጻፈም ብዙ ነው። የጤና ውጤትና የወንጀል ማስረጃ ደግሞ ያረጃሉ። ሲወጡ ቀኑን ቀን መቁጠሪያ ላይ አስፍሩ፤ ከመጠየቃችሁ በፊት አድሱ።

የቤት ጥናቱን የሚፈራው ሰው ብዙ ነው፤ ሶፋ የሚገዛ፣ መጋረጃ የሚቀይር አለ። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ የምታየው ግን ሌላ ነው። ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ? ቤት ውስጥ ማን ማን ይኖራል? ልጁ የት ይተኛል? ሁለታችሁን ለየብቻ ስታነጋግር መልሳችሁ ይገጥማል? ባል ወንድ ልጅ ብቻ እየፈለገ ሚስት ይህን የምትሰማው በዚያ ቀን ከሆነ፣ ችግሩ እዚያው ይወጣል። የባል እናት ጉዳዩን ጨርሶ ካልሰሙትም እንዲሁ። ይህ ንግግር በእናንተ መካከል አስቀድሞ ያልቅ።

ስለ ሥራ ፈቃድም አስቡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው 30 የቅድመ ወሊድና 90 የድኅረ ወሊድ ቀናት የተጻፈው ለምትወልድ ሴት ነው። በጉዲፈቻ እናት ለምትሆን ከአሠሪዋ ጋር አስቀድማ በጽሑፍ መስማማት ይሻላታል። ስልኩ ከተደወለ በኋላ ለመደራደር ጊዜ የለም።

አሁን ወደ ቤታችሁ እንግባ። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ሕፃን ሙቀቱን መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ ብዙ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ መኝታ ቤት ያስገባል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ሳይነቃ ይገድላል፤ ሕፃን ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ፈጥኖ ይጎዳል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም መርዙ አይጠፋም። ሕፃንን የሚያሞቀው ሰው ነው፦ ከዳይፐርና ከኮፍያ በቀር ራቁቱን በአሳዳጊው ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ ከላይ ጋቢ ደርቦ። ይህን አባትም ያደርገዋል፤ ያድርገውም። ሲተኛ ግን በጀርባው፣ በራሱ ጠፍጣፋ መኝታ ላይ፣ ከአልጋችሁ አጠገብ ይሁን፤ ጋቢ ፊቱ ላይ አይድረስ፣ ትራስ አያስፈልገውም።

ወደ ወተቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ቆየት እንላለን፤ ጡት ያላገኘ ሕፃን የሚታመመው በአብዛኛው በዚህ በኩል ነውና።

መጠኑን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ወደ 150 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። 3 ኪሎ የሆነ ሕፃን በቀን 450 ሚሊ ሊትር፣ በ8 ጊዜ ሲከፈል በአንድ ጊዜ ከ55 እስከ 60። የ400 ግራም ጣሳ በዚህ መጠን አንድ ሳምንት እንኳን አይሞላም። 5 ኪሎ ሲደርስ ጣሳው በ4 ቀን ያልቃል፤ በወር 7 ወይም 8 ጣሳ ማለት ነው። ይህን በብር አስሉትና አሁን፣ እየጠበቃችሁ ሳለ፣ መቆጠብ ጀምሩ። ወር ሳያልቅ ጣሳው ሲያልቅ የሚመጣው ፈተና ውሃ ማብዛት ነውና። ውሃ የበዛበት ወተት የጠጣ ሕፃን ሆዱ ይሞላል፣ ዝም ይላል፣ አያድግም። በተቃራኒው «እንዲጠነክር» ተብሎ ዱቄት ሲጨመርበት ድርቀትና የሰውነት ውሃ ማነስ ይመጣል። የወተቱን ዓይነት ስትመርጡ ዋጋውን ብቻ አትዩ፤ በአቅራቢያችሁ ባሉ ሁለት ሦስት ፋርማሲዎች ዘወትር የሚገኝ ይሁን። ሁልጊዜ ሁለት ያልተከፈተ ጣሳ ቤት ውስጥ ይኑር። የጣሳው መለኪያ ማንኪያ ከዓይነት ዓይነት ይለያያል፤ የድሮውን ማንኪያ ለአዲሱ ጣሳ አትጠቀሙ።

የዱቄት ወተት ከባክቴሪያ ነፃ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ስለዚህ የሚበጠበጥበት ውሃ ቢያንስ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለውን የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ የምንኖር ሰዎች ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ እናደርጋለን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከሮቶም ይቀዳ ከጀሪካን፣ ለሕፃኑ የሚሆነው ሁልጊዜ ይፍላ።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ይህ እንዴት ይሆናል? ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ውሃ አፍልታችሁ ፔርሙሱን እስከ አፉ ሙሉት፤ ግማሹ ባዶ የሆነ ፔርሙስ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ፔርሙሳችሁ እስከ ሌሊት ከ70 በላይ መያዝ አለመያዙን ልጁ ከመምጣቱ በፊት በቴርሞሜትር ፈትኑት፤ ካልያዘ ቀይሩት። በ10 ደቂቃ የተቀቀለ ጡጦ ወይም ስኒ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ሌሊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። መጀመሪያ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ጡጦው ውስጥ አፍስሱ፤ ልኩን በዓይናችሁ ትክክል አንብቡ። ቀጥሎ ዱቄቱን ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ፤ ማንኪያው ሳይጠቀጠቅ በንጹሕ ቢላ ጀርባ ይስተካከል። ዱቄት ቀድሞ ውሃ ከተከተለ ልኩ ይሳሳታል፣ ወተቱ ይወፍራል። ክዳኑን ገጥማችሁ አዟዙሩ፤ ከዚያ ጡጦውን ከክዳኑ በታች ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ አቁሙ። የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ ስታደርጉት ለብ ሲል አጠጡት። ጠጥቶ የተረፈውን አፍስሱት፤ አፉ የነካው ወተት ለሚቀጥለው አይቀመጥም። ጡጦ ለማጽዳት ከተቸገራችሁ ትንሽ ስኒ ይሻላል፤ የጡጦ ጡት ስንጥቅ ውስጥ የሚቀረው ወተት የተቅማጥ ምንጭ ነው።

ሱሉልታ የወተት አገር ነው፤ ጎረቤት በፍቅር ትኩስ የላም ወተት ይዞ ይመጣል። ተቀበሉ፣ አመስግኑ፣ ራሳችሁ አፍልታችሁ ጠጡት። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን የላም ወተት ዋና ምግብ አይሆንም፦ የብረት ማዕድኑ ጥቂት ነው፣ ፕሮቲኑና ጨዉ ለኩላሊቱ ይከብዳል፣ አንጀቱንም ሊያደማ ይችላል። ቅቤ ማስዋጥ፣ የአብሽ ውሃ፣ የስኳር ውሃም እንዲሁ ይቅር። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት የሚባለውን ማንም ቢመክራችሁ እሺ አትበሉ። ከ6 ወር በኋላ ገንፎው ይጀመራል፤ ያኔ ጎረቤቶቻችሁ ከእኛ የተሻለ ያስተምሯችኋል።

ሕፃኑን የምትረከቡ ቀን የክትባት ካርዱን ጠይቁ። ሲወለድ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) እና የፖሊዮ ጠብታ፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ቀጣዮቹ፤ በ9ኛው ወርና በ15ኛው ወር ኩፍኝ። ካርድ ከሌለው ክንዱ ላይ የቢሲጂ ጠባሳ ፈልጉና ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ክብደቱን በዚያው ቀን አስመዝኑ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መጨመር አለበት፣ እና መነሻው ካልታወቀ ጭማሪው አይታወቅም። የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ከተሰጣችሁ ምን ዓይነት ምርመራ እንደሆነ ጠይቁ። ከ18 ወር በታች ያለ ልጅ ደም ውስጥ የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል ስለሚቆይ፣ ተራው ፈጣን ምርመራ ፖዚቲቭ ቢል ስለ እናቱ እንጂ ስለ ልጁ አይናገርም። የልጁን የሚናገረው ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው፣ ፒሲአር የሚባለው ምርመራ ነው። ይህን ባለማወቅ ደንግጠው ልጅ የመለሱ ባለትዳሮች መኖራቸው ያሳዝናል። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ሙቀቱ 37.5 ከደረሰ፣ ከ35.5 ከወረደ ወይም መጥባት ካቆመ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። ከሱሉልታ በእንጦጦ በኩል ሌሊት የሚያወርዳችሁን ባለመኪና ዛሬ አነጋግሩ፤ ስልኩን ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ከማሳደጊያ የሚመጣ ሕፃን አንዳንዴ አያለቅስም። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይባላል። ዝምታው ጨዋነት ላይሆን ይችላል፤ አልቅሶ ማንም ያልመጣለት ልጅ ማልቀሱን ይተዋል። ስለዚህ ሳያለቅስም በሰዓቱ አንሡት፣ አብሉት፣ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ አናግሩት። ከሳምንታት በኋላ ማልቀስ ከጀመረ ደስ ይበላችሁ፤ ሰው እንደሚመጣለት ማመን ጀምሯል። በእነዚህ ሳምንታት የሚያጠቡት፣ የሚያበሉትና የሚያስተኙት እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ሁኑ። ይህ በእኛ ሰፈር ከባድ ነው። ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይመጣል፣ ሕፃን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጎረቤትን ከደጅ መመለስ ነውር ነው፤ አትመልሱ። ቡና አፍሉ፣ ይምረቁት፣ ይዩት። ሲርበው ግን ወደ እናንተ ይመለስ። ለዕድሩ ሰብሳቢና ለቅርብ ጎረቤት አስቀድማችሁ ብትነግሩ ራሳቸው ይጠብቁላችኋል።

ስለ ምስጢር አንድ ነገር። ሆዷ ላይ ጨርቅ አስራ እርጉዝ የምትመስል፣ ልጁ ከመጣ በኋላ ሰፈር የምትቀይር እህት አለች፤ ሐዘኗን እንረዳለን፤ መካንነት በእኛ አገር ሴት ላይ የሚያመጣውን ቃል እናውቃለን። ግን ልጁ አንድ ቀን ከሌላ አፍ ይሰማዋል፤ ያኔ የሚሰበረው በእናንተ ላይ ያለው እምነት ነው። ሕጉ ራሱ የጉዲፈቻ ልጅ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም ይላል። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮሞ ወገኖቻችን ባህል የመጣ ነው፤ በዚያ ባህል የሚደረገው በአደባባይ፣ በሽማግሌ ፊት ነው። ገና ሳይገባው ጀምሮ ታሪኩን በጆሮው ንገሩት። የመጣበትን ስም አትቀይሩበት፤ አባቱ የሚባለው ስም በፍርድ ቤት ውሳኔ ሲወሰን እንኳ የራሱ ስም ይቆየው። የተገኘበት ልብስ፣ የፖሊስ ማስረጃው ቅጂ፣ የተገኘበት ቀንና ቦታ በአንድ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ፍርድ ቤቱ ካጸደቀ በኋላ ውሳኔውን ወሳኝ ኩነት ወስዳችሁ አስመዝግቡ። ከዋናው ማኅተም ያለበት ቅጂ ሦስት አውጡ፤ ትምህርት ቤት፣ ፓስፖርትና ውርስ ሁሉም ይጠይቁታል።

የመጨረሻው ጉዳይ ማንም ሊሰማው የማይፈልገው ነው። ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት ልጁን በአደራ ቤተሰብነት ተቀብላችሁ ሳለ፣ ፍለጋው ቀጥሎ አያት ልትገኝ ትችላለች። ስልክ ይደወልና ልጁ እንዲመለስ ይነገራችኋል። ያለቅሳል ቤቱ። ጠበቃ አቁመን እንከራከር የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ልጁን አዝላ የምታሳድግ አያት ካለች ግን ያ ክርክር የማን እንደሆነ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ርክክቡ በአንድ ሰዓት ቢሮ ውስጥ እንዳይሆን ጠይቁ፤ አያቲቱ ቤታችሁ መጥተው ሁለት ሦስት ቀን እያበሉትና እያስተኙት ይልመዱት። የሚበላበትን ሰዓት፣ የሚጠጣውን መጠን፣ የሚተኛበትን አኳኋን በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጻፉላቸው፤ ማንበብ ካልቻሉ አብረዋቸው ለሚኖሩት ልጅ አስረዱ። የክትባት ካርዱን ስጡ። ወተቱ በአንድ ጊዜ እንዳይቀየርበት የተከፈተውን ጣሳ ከነማንኪያው፣ ካላችሁም ሌላ ሁለት ጨምራችሁ ስጡ። ያቀፋችሁበትን ጋቢም ሳታጥቡት አብራችሁ ላኩለት፤ ሽታውን ያውቀዋል።